ከፕላዝማው መምህር እስከ እጅ ስልካችን



በዚህ ዓመት ዕቅዳችን ውስጥ ማኅበሩ እንደገና የራሱ ድረ ገጽ እንዲኖረው የሚል አንድ መስመር አለ። ሥራው እንዴት ይሠራ በሚለው ላይ ግን አባላት በሁለት ተከፍለናል። ገሚሶቻችን ባለሙያ ቀጥረን እናሠራ እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ ኮድ ሳይጻፍ ድረ ገጽ የሚሠራባቸው መሣሪያዎች ስላሉ፣ ትምህርቱም በዩቲዩብ በነፃ ስለሚገኝ፣ ራሳችን ተምረን እንሥራው ባዮች ነን። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ሆኖም አንድ ወጪ ከመጽደቁ በፊት የኋላ መዝገቡን ማየት የሙያዬ ልማድ ነውና፣ የዚህን ነገር ታሪክ አገላብጬ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ታሪኩ ሦስት ክሮች አሉት። አንዱ የመሣሪያው፣ ሁለተኛው የፊደላችን፣ ሦስተኛው ከስክሪን የመማራችን ታሪክ ነው።

መሣሪያው፦ ከሒሳብ ሰንጠረዥ የተነሳ ሐሳብ

ኮድ ማለት ለኮምፒውተር የሚጻፍ የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ድሮ ኮምፒውተርን አንድ አዲስ ሥራ ለማሠራት ይህን ጽሑፍ የሚያውቅ ሰው ዘንድ መሄድ ግድ ነበር። ይህን ልማድ ቀድመው ከሰበሩት መካከል አንዱ ደግሞ የሒሳብ ሠራተኞች መሣሪያ መሆኑ እኔን በግሌ ደስ ያሰኘኛል።

በአሜሪካ የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረው ዳን ብሪክሊን፣ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሒሳብ ሰንጠረዥ ሲሠሩ ያያል። አንድ ቁጥር በተለወጠ ቁጥር ተከትለው የመጡት ድምሮች ሁሉ እየጠፉ እንደገና መጻፍ ነበረባቸው። በእጅ የሒሳብ መዝገብ ያያዘች ሁሉ ይህን ድካም ታውቀዋለች። ብሪክሊን ከጓደኛው ከቦብ ፍራንክስተን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1979 ቪዚካልክ የተባለውን ፕሮግራም ለአፕል 2 ኮምፒውተር አወጣ። አንድ ቁጥር ሲለወጥ ሌላው ሁሉ በራሱ ይስተካከላል። የሒሳብ ሠራተኛው ኮድ ሳይጽፍ ኮምፒውተሩን የፈለገውን ያሠራው ጀመር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1983 ሎተስ 1-2-3፣ በ1985 ደግሞ ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው ኤክሴል መጣ። እኛም አገር አካውንቲንግ የተማረ ሰው ሁሉ ፒችትሪን ሳይነካ አያልፍም። ስለዚህ «ያለ ኮድ መሥራት» የሚባለው ነገር ለእኛ አዲስ እንግዳ አይደለም፤ ስሙን ሳናውቀው ስንሠራበት የኖርነው ነው።

ድረ ገጽም በዚያው መንገድ ሄዷል። ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ በስዊዘርላንድ በሚገኘው የሰርን የምርምር ማዕከል ሳለ እ.ኤ.አ. በ1989 የዓለም አቀፉን ድር ሐሳብ አቀረበ፤ በ1991 የመጀመሪያው ድረ ገጽ ለሕዝብ ተከፈተ። ሰርን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1993 ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ፈቀደ። በዚያን ጊዜ አንድ ገጽ ለመሥራት ኤችቲኤምኤል የሚባለውን የምልክት አጻጻፍ ማወቅ ያስፈልግ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ያንን የሚያቃልሉ መሣሪያዎች መምጣት ጀመሩ። ጂኦሲቲስ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ለተራው ሰው ነፃ የገጽ ቦታ ይሰጥ ነበር። ማይክሮሶፍት በ1996 የገዛው ፍሮንትፔጅ ደግሞ ገጹን እንደ ደብዳቤ እያዩ መጻፍ አስቻለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2003 ማት ሙለንዌግ የተባለ የ19 ዓመት ወጣት ከእንግሊዛዊው ማይክ ሊትል ጋር ዎርድፕሬስን አወጣ። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚሠሩት በዎርድፕሬስ ነው። ዊክስ በ2006፣ ጉግል ሳይትስ በ2008 ተከተሉ። በ2018 መጨረሻ ዎርድፕሬስ ራሱ ገጹን በክፍል በክፍል እያስቀመጡ ወደሚሠሩበት አሠራር ተሸጋገረ። አንዱ ክፍል ፎቶ፣ አንዱ ጽሑፍ፣ አንዱ ስልክ ቁጥር ይይዛል፤ እንደ ሱቅ መደርደሪያ ዕቃውን አንስቶ ወደሚፈለገው ቦታ ማዛወር ብቻ ነው።

ፊደሉ፦ አማርኛ በስክሪን ላይ

መሣሪያው ቢቀልም በራሳችን ፊደል ካልሠራ ለብዙዎቹ እናቶቻችን ጥቅም አልነበረውም። እንደ ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የግዕዝን ፊደል ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ብዙ ደክመዋል። ችግሩ በኋላ የመጡት የፊደል ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አቀማመጥ ያላቸው መሆኑ ነበር። በጽሕፈት ሥራ የቆዩ አባላት ያስታውሱታል፤ በቪዡዋል ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፊደል ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ማንም በየትም ሆኖ የሚያነበው የአማርኛ ድረ ገጽ መሥራት ከባድ ነበር።

መፍትሔው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ የግዕዝ ፊደል የራሱን ቋሚ ቦታ አገኘ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በኮልፌም በዋሽንግተንም «ሀ» ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ባቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ላይ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል አብሮ ጫነ። ዛሬ በስልካችን «በርበሬ» ብለን ጽፈን የምንልከው መልእክት ሳይበላሽ የሚደርሰው በዚህ ሥራ ምክንያት ነው።

መምህሩ፦ ከስክሪን የመማር ልምዳችን

ሦስተኛው ክር ለእኛ ከሁሉም የሚቀርበን ነው። አገራችን ብዙ ሰውን በአንድ ጊዜ ለማስተማር ያልሞከረችው መንገድ የለም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ እናቶቻችንን ፊደል አስቆጥሯል። ዘመቻው በሒደት በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮን ዓለም አቀፍ የንባብ ሽልማት አስገኝቷል። የዘመቻው ጉልበት በቀላሉ ሲታይ ይህ ነበር፦ ተማሪው በሚገባው ቋንቋ፣ በሰፈሩ፣ አጠገቡ በተቀመጠ ሰው ተማረ። እናት ያልገባትን ከጎኗ ያለችውን ጎረቤት ትጠይቃለች።

በ1997 ዓ.ም. ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት በሚተላለፍ ቴሌቪዥን መሰጠት ጀመረ። ሁላችንም «ፕላዝማ» የምንለው ማለት ነው። እኔ የዚያ ትውልድ ነኝ። ትምህርቱ የተዘጋጀው በደቡብ አፍሪካ ነበር፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነበር። ዓላማው መልካም ነበር፤ ላቦራቶሪ ያላየ የገጠር ተማሪ ሙከራውን በስክሪን እንዲያይ፣ የአዲስ አበባውና የሩቅ ወረዳው ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኙ ነው። ስዕሎቹ ያማሩ ነበሩ። ነገር ግን የስክሪኑ መምህር አይጠብቅም። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይቆያል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ያልፋል። ያልገባሽን መልስልኝ ብትይው አይሰማሽም። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት ሄደ ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ያለው መምህር ደግሞ ለማብራራት የሚቀረው ደቂቃ ጥቂት ነበር። ከእኛ ውስጥ የተጠቀሙት እቤት ሄደው ከታላቅ እህት ወይም ከጓደኛ ጋር ማስታወሻቸውን ደግመው የሠሩ ነበሩ።

ፕላዝማ ክፍላችን በገባበት ጊዜ አካባቢ በሌላ አገር ሌላ ነገር እየበቀለ ነበር። ሳልማን ካን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2004 በሌላ ከተማ የምትኖር ናዲያ የተባለች የዘመድ ልጅ በስልክና በኮምፒውተር ሒሳብ ማስጠናት ጀመረ። ሌሎች ዘመዶችም ሲበዙበት በ2006 ትምህርቱን እየቀዳ ዩቲዩብ ላይ ያስቀምጥ ጀመር። ዩቲዩብ የተመሠረተው በ2005 ነው፤ የመጀመሪያው ቪዲዮ ርዝመቱ 19 ሰከንድ ብቻ ነበር። ካን በኋላ ሲናገር፣ የዘመዶቹ ልጆች እሱ በአካል ከሚያስጠናቸው ይልቅ ቪዲዮውን እንደወደዱት አንስቷል። ምክንያቱም ቪዲዮውን ማቆም፣ ወደኋላ መመለስና ሳያፍሩ ደጋግመው ማየት ይችላሉ። በፕላዝማውና በዩቲዩቡ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ስክሪን ናቸው። አንዱን የሚያስቆመው ተማሪ ግን አልነበረም፤ ሌላውን በአውራ ጣትሽ ታቆሚዋለሽ።

ይህ ትምህርት እኛ ቤት ለመግባት ግን ጊዜ ወስዷል። ኢንተርኔት በአገራችን አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። በኢንተርኔት ካፌ በደቂቃ እየከፈሉ በሚጠቀሙበት ዘመን የግማሽ ሰዓት ቪዲዮ ማየት የሚታሰብ አልነበረም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ ቀነሰ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሥራ ሲጀምር ሁለተኛ አማራጭ ተገኘ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር «የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ» ሥልጠና በነፃ ተከፈተ። ይህን ሥልጠና የጨረሱ የአባላት ልጆች በመካከላችን አሉ፤ ሌሎቻችሁም ልጆቻችሁን እንድታበረታቱ አሳስባለሁ።

እኛ ሰፈር እንዴት ተሞከረ?

ከዚህ ታሪክ በመነሳት ስድስት አባላት ሆነን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በ18 ማዞሪያ በአንዲት አባላችን ቤት በአንድ ላፕቶፕ መማር ከጀመርን ጥቂት ወራት ሆነን። የምንማረው ጉግል ሳይትስንና ዎርድፕሬስን ነው። ያየነውን እንዳለ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ዳታው ውድ ነው። ስለዚህ እንደ ዕቁብ በየተራ አንዳችን የሌሊት ጥቅል ገዝተን የሳምንቱን ቪዲዮ ስልካችን ላይ እናወርዳለን፤ ቅዳሜ ሁላችንም ያንኑ እናያለን። ለስድስት ሰው ስድስት ጊዜ መክፈል ቀረ።

ሁለተኛ፣ ቋንቋው ነው። በአማርኛ የሚያስተምሩ ቻናሎች ቢኖሩም አብዛኛው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው፤ አስተማሪዎቹም ይፈጥናሉ። ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ እናደርገዋለን። በየሦስትና አራት ደቂቃው እናቆምና እንግሊዝኛ የምትችለው አባል «አሁን ያለው ይኼን ነው» ብላ በአማርኛ ትናገራለች። በርበሬና ሽሮ የምታዘጋጀው አባላችን እርምጃዎቹን በደብተር ትጽፋለች። አሁን አስተማሪያችን ያ ደብተር ሆኗል ማለት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ቪዲዮዎቹ ያረጃሉ። ከሁለት ዓመት በፊት የተቀዳ ትምህርት ላይ ግራ በኩል የሚታየው ቁልፍ ዛሬ ሌላ ቦታ ነው። ብቻዋን የምትማር ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጣ ትተወዋለች። ስድስት ሆነን ስንፈልገው ግን አንዳችን እናገኘዋለን።

አራተኛ፣ ከባዱ ሥራ ቁልፍ መጫኑ አይደለም። ከባዱ ምን እንጻፍ የሚለው ነው። የአንድ ኪሎ በርበሬ ዋጋ ስንት ነው? ትእዛዝ በስንት ቀን ይደርሳል? ፎቶው ላይ ያለው ጥልፍ ማን የሠራችው ነው? ይህን ከእኛ በቀር ሊጽፍልን የሚችል ባለሙያ የለም።

የቤቱ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ማኅበራችን በክፍያ ያሠራው ድረ ገጽ እንደነበረው ነባር አባላት ያስታውሳሉ። የገጹ ስም የተመዘገበው በሠሪው ስም ነበር፤ የይለፍ ቃሉም እሱ ዘንድ ነበር። ስልኩ ሳይነሳልን ቀረ። የዓመቱ ክፍያ ቀን አለፈ፣ ገጹም ጠፋ። ከገጹ ጋር የአባላት ሥራ ፎቶዎችና ለደጋፊዎች የምናቀርባቸው ሪፖርቶች ሄዱ። ይህን የማነሳው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ገንዘቡ ተከፍሎ ንብረቱ ግን በእጃችን እንዳልነበረ ለማሳየት ነው።

በራስ መሥራትም ቢሆን ከዚህ ሥጋት ነፃ አያወጣም። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ጂኦሲቲስ በያሁ ከተገዛ በኋላ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2009 በአሜሪካ ተዘጋ፤ ሰዎች ለዓመታት የሠሯቸው ሚሊዮን ገጾች አብረው ወረዱ። በሰው መሬት ላይ የተሠራ ቤት ባለመሬቱ ሲፈልግ ይፈርሳል። ነፃ የሆነው የዊክስ ወይም የሌላ ድርጅት ገጽም እንዲሁ ነው፤ የራሱን ማስታወቂያ ይለጥፍበታል፣ ውሉንም ይለውጣል። ዎርድፕሬስ ከነዚህ የሚለየው ፕሮግራሙ የማንም የግል ንብረት ባለመሆኑ ሥራችንን ነቅለን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ስለምንችል ነው። ነገር ግን ገጹ የሚቀመጥበትን ቦታ መከራየት ይጠይቃል። የውጭ ድርጅት ከሆነ ክፍያው በዶላር ነው፤ ለእኛ ዓይነት ማኅበር በዶላር መክፈል ቀላል አይደለም። ስለዚህ ቦታውን እዚሁ አገር ውስጥ በብር ከሚያከራዩ ድርጅቶች መከራየት ይሻላል።

ሒሳቡ ሲጠቃለል

ባለሙያ ብንቀጥር የመጀመሪያው ወጪ ከፍ ያለ ነው፤ ሥራው ግን ቶሎ ያልቃል። በኋላ ዋጋ በተቀየረ ቁጥር፣ አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር እንደገና መጥራትና መክፈል ይመጣል። ራሳችን ብንሠራ የመጀመሪያው የገንዘብ ወጪ ትንሽ ነው፤ የምንከፍለው በቅዳሜዎቻችን ነው። ያለ ኮድ ማለት ያለ ድካም ማለት አይደለም። ደግሞም ሁሉ ነገር ያለ ኮድ አይሠራም። የባንክ ክፍያን በቀጥታ ከገጹ ጋር ማገናኘትና የደንበኞችን መረጃ መጠበቅ የባለሙያ ሥራ ነው። ለአሁኑ ግን ያን ያህል አንፈልግም። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ስላለ ደንበኛዋ ገጹ ላይ ዕቃውን ታያለች፣ ትደውላለች፣ በቴሌብር ትከፍላለች። ደላላ በመካከል የሚወስደው ትርፍ ለሠራችው እህት ይተርፋል። ደጋፊዎቻችንም የሰጡት ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ ሪፖርት እስኪላክላቸው ሳይጠብቁ ያያሉ።

የኋላው ታሪክ የሚነግረኝ አንድ ነገር ነው። መሣሪያው ቀለለ፣ ፊደላችን ቦታውን አገኘ፣ መምህሩም የሚቆምና የሚደገም ሆነ። በመሠረተ ትምህርትም በፕላዝማም ዘመን ትምህርቱን እውቀት ያደረገው ግን አጠገብ ተቀምጦ በሚገባ ቋንቋ የሚያስረዳ ሰው ነበር። ያ ሰው ዛሬም ያስፈልጋል። ማኅበር ደግሞ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለውሳኔ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ገጹን የቅዳሜው ቡድን ይሥራው። ባለሙያ የሚከፈለው ገጹን አንድ ጊዜ መርምሮ ጉድለቱን እንዲያሳየን ብቻ ይሁን። የገጹ ስም በማኅበሩ ሕጋዊ ስም ይመዝገብ። የይለፍ ቃሉን ሁለት አባላት ይያዙት፤ አንዷ ከሥራ አመራር፣ አንዷ ከአባላት ትሁን። የዓመቱ ክፍያ ቀን እንደ ቤት ኪራይ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ይጻፍ። የፎቶዎቹና የሪፖርቶቹ ቅጂ በየወሩ በፍላሽ ተቀድቶ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። ደብተሩም ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ለምትፈልግ አባል ሁሉ ይሰጥ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መምጣት የምትፈልጉ እህቶች፣ በተለይ «ለኔ ዕድሜዬ አልፏል» የምትሉ እናቶች፣ ኑ። ላፕቶፕ ባይኖራችሁም ግድ የለም፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ።